የአውሮፕላን ማረፊያ አጥር

አጥር ማጠር ለገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ጓሮውን ያጥራል፤ በረቱን ያጥራል፤ ጎመንና ድንች የተከለበትን ቦታ በእሾህ ይከልላል። አጥር የሌለው ጓሮ የፍየል ሲሳይ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

አውሮፕላን ማረፊያም እንደ ጓሮ አጥር ያስፈልገዋል። ልዩነቱ በጉዳቱ ላይ ነው። ፍየል ጓሮ ብትገባ የሚጠፋው ጎመን ነው። ጅብ ወይም በሬ አውሮፕላን በሚንደረደርበት ሜዳ ላይ ቢገኝ ግን የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

በዚህ ትምህርት ሦስት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። እንስሳና አውሮፕላን ቢጋጩ ምን ይሆናል? የማረፊያው አጥር እንዴት ይታጠራል? አጥር ብቻውንስ ይበቃል ወይ?

1. አንድ ሰማይ ለሁለት

ጎፋ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለ ሰፈር ነው። ከጎፋ ብዙ ሳይርቅ ቄራ አለ። ቄራ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ከብት ሲታረድበት የኖረ ቦታ ነው። ሥጋና አጥንት ካለ ጥንብ አንሳ፣ ጭልፊትና አባ ኮዳ አይጠፉም። ቀትር ላይ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ በሰማይ ላይ ሲዞር ያያል። ሲመሽ ደግሞ ጅብ ከየወንዙ ዳር እየወጣ አጥንት ይፈልጋል።

በዚያው አካባቢ የአውሮፕላን ነገርም እንግዳ አይደለም። ከጎፋ በሰሜን ምዕራብ በኩል «የድሮው ኤርፖርት» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አውሮፕላኖቹ ይነሡ የነበረው ከዚያ ነው። በኋላ ትላልቅ የጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ የልደታው ሜዳ አልበቃ አለ። ስለዚህ በ1950ዎቹ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ዛሬ ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች በደቡብ አዲስ አበባ ሰፈሮች ላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ይታያሉ።

እንግዲህ ሰማዩ አንድ ነው። አሞራውም ይበርበታል፤ አውሮፕላኑም ይበርበታል። መሬቱም እንዲሁ ነው። አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ቀድሞ ከብት የሚሰማራበት፣ ጅብ የሚያልፍበት ሜዳ ነበረ። ጅቡ ካርታ አያነብም። ሜዳው የአውሮፕላን ሆኗል ብሎ የሚነግረው የለም። የሚነግረው አጥሩ ብቻ ነው።

2. የባሕር ዳር አደጋ

ቀኑ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988 ማለት ነው። አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር አረፈ። ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመሄድ እንደገና ተነሣ። በውስጡ 98 መንገደኞችና 6 ሠራተኞች፣ በድምሩ 104 ሰዎች ነበሩ። አውሮፕላኑ አሮጌ አልነበረም። ከተሠራ አንድ ዓመት ገደማ ነበር።

አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ከመሬት ሲነሣ የእርግብ መንጋ ከፊቱ መጣ። እርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሞከሩ። ነገር ግን ሁለቱም ሞተሮች ጉልበት አጡ። አውሮፕላኑ ጎማው ሳይወርድ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ በሆዱ ወደቀ፤ እሳትም ያዘው። 35 መንገደኞች ሞቱ። 69 ሰዎች ተረፉ።

አንዲት እርግብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አትመዝንም። እርግብን የሚፈራ ሰው የለም። በዚያች ቀን ግን እርግቦች የብዙ ቤተሰብ ለቅሶ ምክንያት ሆኑ።

ይህን አደጋ ማወቅ የሚገባን ለማዘን ብቻ አይደለም። ለመማርም ነው። በአገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። እሳቱ ሳይነሣ በቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል። ከተነሣ በኋላ ግን ወንዝም አይበቃው ይሆናል።

3. ትንሽ ነገር ትልቁን እንዴት ይጥላል?

ወንጭፍ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቃል። ጠጠር በመዳፍ ሲያዝ ማንንም አይጎዳም። በወንጭፍ ሲወረወር ግን ዝንጀሮ ያባርራል፤ ሰውም ይፈነክታል። ጠጠሩ ያው ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው።

አውሮፕላን ከመሬት ሲነሣ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። እርግቧ ቀስ ብላ ብትበርም አውሮፕላኑ በዚያ ፍጥነት ይመጣባታል። ስለዚህ ለአውሮፕላኑ እርግቧ የወንጭፍ ድንጋይ ትሆናለች። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል።

የጄት ሞተር ደግሞ አየር የሚውጥ ነገር ነው። ከፊት ለፊቱ እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከሩ ብዙ የብረት ምላጮች አሉት። አየሩን ስቦ ያምቀዋል፤ ከነዳጅ ጋር ያቃጥለዋል፤ ወደ ኋላ ይተፋዋል። አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው ይህ ነው። ወፍ ስትገባበት ምላጮቹ ይጣመማሉ ወይም ይሰበራሉ። የአየሩ መንገድ ይታወካል። ሞተሩም ጉልበቱን ያጣል።

በእግር የሚሄድ እንስሳስ? እሱ ከወፍ እጅግ ይከብዳል። አንድ ትልቅ ጅብ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሬ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ የአውሮፕላኑን ጎማ ወይም እግር ይሰብራል፤ ሞተሩንም ይመታል።

«አብራሪው አይቶ ለምን አያቆምም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መኪና ነጂ መሪ ያዞራል፤ ፍሬን ይይዛል። በሙሉ ፍጥነት የሚንደረደር አውሮፕላን ግን ወደ ጎን እጥፍ ማለት አይችልም። ከተወሰነ ፍጥነት በኋላ ደግሞ ማቆምም አይችልም፤ ሜዳው ያልቅበታል። ሌሊት ከሆነ እንስሳው የሚታየው አጠገቡ ሲደረስ ነው።

በጥቅምት 2007 ዓ.ም. በህንድ አገር በሱራት ከተማ የሆነው ይህ ነው። መንገደኞች የጫነ አንድ አውሮፕላን ሲመሽ ለመነሣት ሲንደረደር ለማዳ ጎሽ መታ። የህንድ ገበሬዎች ጎሽን እንደ ላም ያልቡታል፤ እንደ በሬም ይጠምዱታል። ጎሹ ሞተ። የአውሮፕላኑ ሞተር ተጎዳ። አብራሪው ስላቆመው ሰው አልሞተም። ጎሹ ትንሽ ቆይቶ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲያነሣ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

4. እንስሳ ወደ ማረፊያው ለምን ይመጣል?

እንስሳ ያለ ምክንያት አይመጣም። የሚያመጣውን ነገር ካወቅን መከላከሉ ይቀላል።

አንደኛው ምክንያት ሣር ነው። የማረፊያው ሜዳ አይታረስም። ስለዚህ ውጭ ያለው ሣር ሲያልቅ በውስጡ ያለው ለምለም ሆኖ ይቆያል። ላም፣ አህያ፣ በግና ሚዳቋ ይህን ያያሉ።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ክረምት ላይ በየቦዩ ውሃ ይቆማል። ውሃ ባለበት ዳክዬና ሌላ የውሃ ወፍ ያርፋል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ሬንጅ የለበሰው ሜዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይዞት ያድራል። በብርድ ሌሊት ውሻ እላዩ ላይ ቢተኛ አያስደንቅም።

አራተኛው ሌላ እንስሳ ነው። በሣሩ ውስጥ አይጥ ይራባል። አይጥ ካለ ጭልፊትና ቀበሮ ይመጣሉ።

አምስተኛው የሰው ቆሻሻ ነው። የሞተ ከብት፣ አንጀት፣ አጥንት፣ የምግብ ትርፍራፊ በአካባቢው ከተጣለ ውሻ፣ ጅብና አሞራ ይሰበሰባሉ።

5. አጥሩ እንዴት ይታጠራል?

ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በቺካጎ ከተማ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ስምምነት ሥር የወጣው ደንብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ እንስሳ እንዳይገባበት በአጥር ወይም በሌላ መከላከያ ይከለል ይላል። አጥሩ ሲሠራ የሚከተለው ሥራ በቅደም ተከተል ይከናወናል።

ሀ. ዙሪያውን መመልከት። ሽቦ ከመግዛት በፊት በእግር መዞር ይቀድማል። ኮቴው የማን ነው? ፋንድያውስ? ጉድጓዱን የማሰው ከርከሮ ነው ወይስ ጃርት? የክረምት ጎርፍ በየት ይወርዳል? ይህን ለማወቅ የአካባቢውን እረኛ መጠየቅ ይበጃል። መሐንዲሱ ሽቦውን ያውቃል፤ ጅቡ የሚመጣበትን መንገድ የሚያውቀው ግን እረኛው ነው።

ለ. መመንጠር። አጥሩ በሚያልፍበት መስመር በግራና በቀኝ ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል። ቁጥቋጦ ካለ እንስሳው ይደበቅበታል፤ የተቀደደው ሽቦም አይታይም። ዛፍ ከአጥሩ አጠገብ ካለ ጦጣ በቅርንጫፉ ይሻገራል።

ሐ. ቋሚ መትከል። እንጨት ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ቋሚው የብረት ወይም የሲሚንቶ ቢሆን ይሻላል። ጉድጓዱ በደንብ ይቆፈራል፤ በሲሚንቶና በጠጠር ይሞላል። በማዕዘን ያሉት ቋሚዎች ደጋፊ ይደረግላቸዋል። ሽቦው ሲወጠር የሚስበው እነሱን ነውና።

መ. ሽቦ መወጠር። እንደ መረብ የተጠላለፈ ጠንካራ ሽቦ ከቋሚ ወደ ቋሚ ይወጠራል። ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል ወይም ሦስት ሜትር ቢደርስ ጥሩ ነው። በላዩ ላይ እሾህ ያለው ሽቦ በሦስት ረድፍ፣ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይጨመርበታል። ይህም ዘሎ ወይም ተንጠላጥሎ ለመግባት የሚሞክረውን ይመልሳል።

ሠ. ከሥር መቅበር። ከሁሉ የሚረሳው ይህ ነው። ሰው አጥርን ከላይ ያያል፤ ጅብና ከርከሮ ግን ከሥር ያዩታል። ስለዚህ ከአጥሩ ግርጌ አንድ ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሽቦ መረብ ወደ ውጭ አጋድሞ ይቀበራል። እንስሳ የሚምሰው ከአጥሩ ሥር ተጠግቶ ነው። ሲምስ የተቀበረውን ሽቦ ያገኛል። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መማስን አያስብም፤ ይሰለችና ይሄዳል።

ረ. የውሃ መውረጃ። ጎርፍ በሚያልፍበት ቦታ አጥሩን ዝም ብሎ መዝጋት አይቻልም፤ ውሃው ይጥለዋል። ክፍት መተውም አይቻልም፤ ጅቡ በቦዩ ይገባል። መፍትሔው በቦዩ አፍ የብረት ፍርግርግ ማድረግ ነው። ፍርግርጉ ውሃ ያሳልፋል፤ እንስሳ ይከለክላል። በክረምት ቅጠልና ጭራሮ እንዳይደፍነው ይጸዳል።

ሰ. በር። ብዙ በር ብዙ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በሮቹ ጥቂት ይሁኑ። በበሩና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተትም ትንሽ ውሻ እንኳ የማያሾልክ ይሁን። ሆኖም የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ በፍጥነት የሚወጡበት በር ያስፈልጋል። የባሕር ዳሩ አውሮፕላን የወደቀው ከማረፊያው ውጭ እንደ ነበረ አንርሳ።

ሸ. ውስጡን ማጥራት። አጥሩ ከመዘጋቱ በፊት በውስጥ ያሉት እንስሳት በአንድ በኩል ተነድተው ይወጣሉ። ጅብን ከውስጥ ትቶ አጥርን መጨረስ፣ ሌባን ቤት ውስጥ አድርጎ እንደ መቆለፍ ነው።

ቀ. በየቀኑ መጠበቅ። አጥር ሲታጠር ሥራው አያልቅም፤ ይጀመራል። ከአጥሩ በውስጥ በኩል የጥርጊያ መንገድ ይሠራል። ጥበቃው በዚያ እየዞረ ሽቦው መቀደዱን፣ ሥሩ መማሱን፣ በሩ መዘጋቱን ያያል። በተለይ ከከባድ ዝናብ በኋላ መዞር አይቀርም። አለበለዚያ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

6. አጥሩና ጎረቤቱ

እስካሁን ያየነው የሽቦውን ነገር ነው። አሁን የሰውን እንይ። ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ።

በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ማረፊያው እየታጠረ ነው እንበል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከብቶቻቸውን ይዘው መጡ። የአጥሩን ሥራ የሚመራው ወጣት ባለሙያ ወደ እሳቸው ቀረበ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባቴ? ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በኩል ማለፍ አይቻልም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ግን ለምን አይቻልም? አያቴም አባቴም ከብት ወንዝ ያወረዱት በዚህ ነው።»

«ከብት ሜዳው ላይ ከወጣ አውሮፕላን ይወድቃል፤ ሰው ይሞታል።»

«ሰው እንዲሞትማ አልፈልግም። ነገር ግን እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ይህን ብትዘጉብኝ ዙሪያውን ስሄድ ይመሽብኛል። ከብቶቼስ በጥም ይሙቱ?»

ወጣቱ ዝም አለ። ስለ ሽቦው ብዙ ተምሯል። ስለ ወንዙ ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከሁለቱ የተሳሳተው ማን ነው? ሁለቱም እውነት አላቸው። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የከብቶቻቸውን ጥም ነው የተናገሩት። ወጣቱም ክፉ አይደለም፤ የመንገደኛውን ሕይወት ነው የሚጠብቀው። ስሕተቱ አጥሩ ከመታጠሩ በፊት አንድ ላይ ተቀምጠው አለመነጋገራቸው ነው።

ሳይነጋገሩ ቢቀሩ የሚሆነውን መገመት ቀላል ነው። አንድ ሌሊት አንዱ ጉጠት ይዞ ይመጣል። ሽቦውን ለአንዲት ላም የሚሆን ያህል ይቆርጣል። ላሟ ቀን በዚያ ገብታ ትወጣለች። ማታ ግን ቀዳዳው እዚያው ነው። ቀን ለላም የተከፈተ ቀዳዳ ማታ ለጅብ ይሆናል። ያን ቀዳዳ የቆረጠው ሰው ማንንም ለመግደል አላሰበም። ጅቡም አላሰበም። አውሮፕላኑ ግን ይመጣል።

ቢነጋገሩስ? መንገድ አይጠፋም። ከአጥሩ ውጭ ለከብት የሚሆን መተላለፊያ ሊተው ይችላል። ወንዙ ሩቅ ከሆነ ከአጥሩ ውጭ የውሃ ገንዳ ሊሠራ ይችላል። መሬት የሚወሰድበት ሰው ካለ ተገቢው ካሣ ሊከፈለው ይገባል። በሜዳው ውስጥ ያለው ሣር በማረፊያው ሠራተኞች ፈቃድ ታጭዶ ወደ ውጭ ቢወጣ፣ ለጎረቤቱ ከብት መኖ ይሆናል። ማረፊያውም ይጠቀማል። ከብቱ ወደ ሣሩ ከሚሄድ፣ ሣሩ ወደ ከብቱ ቢመጣ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ጎረቤቱ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። የተቀደደ ሽቦ ያየ ሰው ወዲያው ለጥበቃው ይናገራል። በሮቹና ቋሚዎቹ ቁጥር ቢጻፍባቸው፣ ማንበብ የሚችል ገበሬ «ከበር ቁጥር 6 ወደ ምሥራቅ አሥር ቋሚ ያህል ላይ ሽቦው ተቀዷል» ብሎ መጻፍ ወይም መናገር ይችላል። «እዚያ ማዶ ተቀዷል» ከማለት ይህ ምን ያህል እንደሚሻል አስቡት። ፊደል መቁጠር እንዲህ ላለውም ነገር ይጠቅማል።

7. አጥር የማያቆመው

አሁን ወደ ባሕር ዳር እንመለስ። በዚያ ቀን ማረፊያው ዙሪያውን በሦስት ሜትር ሽቦ ታጥሮ ቢሆንስ ኖሮ? እርግቦቹን አያቆማቸውም ነበር። አጥር የሚያቆመው የሚሄደውን ነው። የሚበረውን አያቆምም።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አንድ አውሮፕላን ሲነሣ ከትናንሽ ወፎች መንጋ ጋር ተጋጭቶ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 62 ሰዎች ሞቱ። በጥር 2001 ዓ.ም. ደግሞ ከኒው ዮርክ የተነሣ አውሮፕላን በትላልቅ የዱር ዝዮች ተመትቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ደከሙ። አብራሪው ሀድሰን በተባለው ወንዝ ላይ አሳረፈው፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። በ1966 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ በአቢጃን ከተማ ሰማይ ላይ አንድ ጥንብ አንሳ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው ከ11,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ነበር። የዚያ ወገን ጥንብ አንሳ በኢትዮጵያም አለ።

ይሁን እንጂ ከወፎች ጋር የሚደርሰው ግጭት በአብዛኛው አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ፣ ማለት ለመሬት ቅርብ ሳለ ነው። ስለዚህ በመሬት ላይ የምናደርገው ነገር ዋጋ አለው።

የማረፊያው ሠራተኞች ድርሻ አላቸው። አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ሜዳውን ያያሉ። ወፎች ከተሰበሰቡ በድምፅ ያባርራሉ። የቆመ ውሃ ያደርቃሉ። ሣሩን በልክ ያጭዳሉ። አብራሪዎችም መንጋ ሲያዩ ለሌሎች አብራሪዎች እንዲነገር ያስታውቃሉ።

ከአጥሩ ውጭ ያለነውም ድርሻ አለን። የአቪዬሽን ባለሙያዎች በማረፊያ ዙሪያ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ድረስ ወፍ የሚስብ ነገር እንዲታይና እንዲጠና ይመክራሉ። ጎፋና ቄራ ከቦሌ ማረፊያ ሲለኩ በዚህ ርቀት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ጎፋ ላይ የሚጥለው አንጀት የጎፋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለአሞራው ምግብ ነው፤ አሞራው ደግሞ በአውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነው የሚዞረው። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በላሊበላና በሌላውም ማረፊያ አጠገብ የሚኖር ሰው ነገሩ ይመለከተዋል።

ምን እናድርግ?

የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አንጣል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው። ይህ ለበሽታ መከላከያም ይጠቅማል።

ለበዓል ስናርድ አንጀቱንና ፈርሱን በየወንዙ ዳር አንጣል። እንቅበር፤ ወይም ቆሻሻ በሚወሰድበት ቦታ እናድርግ።

አውድማችንን ከማረፊያው ራቅ እናድርግ። የተበተነ እህል የእርግብ ድግስ ነው። የወቃነውን ቶሎ እንሰብስብ፤ ጎተራውንም እንክደን።

መርዝ ግን አናድርግ። ዓላማችን እንስሳትን መፍጀት አይደለም። ጥንብ አንሳ ጥንቡን በልቶ አካባቢውን ያጸዳል፤ ደመወዝ የማይጠይቅ ጽዳት ሠራተኛ ነው። የተመረዘ ሥጋ ጅቡን ብቻ አይገድልም፤ አሞራውንም የጎረቤትንም ውሻ ይገድላል። እኛ የምንፈልገው እንስሳው በቦታው፣ አውሮፕላኑም በቦታው እንዲሆን ነው።

8. ለማስታወስ

እንግዲህ የማረፊያ አጥር ሁለት ነው። አንደኛው የሽቦው አጥር ነው። እሱ የሚሄደውን እንስሳ ያቆማል። ቁመት፣ የተቀበረ ሥር፣ ፍርግርግ፣ በርና ጠባቂ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው አጥር የሰዉ ጥንቃቄ ነው። እሱ የሽቦውን አጥር ከቀዳዳ ይጠብቃል፤ የሚበረውንም ወፍ ያርቃል። አንደኛው ያለ ሁለተኛው አይረባም።

አውሮፕላን ተሳፍረን አናውቅ ይሆናል። ነገር ግን ከተሳፋሪዎቹ መካከል ለሕክምና የሚሄድ በሽተኛ፣ ከስደት የሚመለስ ልጅ፣ ወደ አገር ቤት የምትመጣ እናት ይኖራሉ። ነገ እኛም እንኖር ይሆናል። ያን ጊዜ የሚጠብቀን፣ አጥሩ አጠገብ የሚኖረው የማናውቀው ገበሬ ነው። ዛሬ እኛ ለማናውቀው ሰው እንጠንቀቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በባሕር ዳር አደጋ የሞቱት ስንት ናቸው? አደጋውን ያመጣው ምንድን ነው?
2. ጠጠር በእጅ ሲያዝና በወንጭፍ ሲወረወር ልዩነቱ ምንድን ነው? ይህ ለአውሮፕላን እንዴት ይሠራል?
3. አጥሩ ከሥሩ ሽቦ የሚቀበርበት ለምንድን ነው?
4. ሽማግሌውና ወጣቱ እንዴት ቢስማሙ ይሻል ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?
5. በሠፈራችሁ የሞተ ከብት የት ይጣላል? ምን ቢደረግ ይሻላል? በአምስት መስመር ጻፉ።

የቃላት ፍቺ

መንደርደር፦ ለመነሣት መሮጥ።
አብራሪ፦ አውሮፕላን የሚነዳ ሰው።
ምላጭ፦ በዚህ ትምህርት፣ በሞተር ውስጥ የሚሽከረከር ስስ ብረት።
ፍርግርግ፦ ውሃ የሚያሳልፍ፣ እንስሳ የማያሳልፍ የብረት መዝጊያ።
ካሣ፦ ለጠፋ ወይም ለተወሰደ ንብረት የሚከፈል ምትክ።